የፀሐይ ጋን ጥላሸት

ሰረገላው ዳገቱን ሲጀምር እናትየው የተጠቀለለውን የመዳብ ጋን በሁለት እጇ እንዳቀፈች ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከጀርባዋ በገለባና በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ አርባ ስምንት መስተዋቶች ታስረዋል። መንኮራኩሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ የተሰበረ ነገር ድምፅ ካልሰማች ደግሞ ትለቀዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩን እየመረጥክ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለችው ነጂውን።

«እትዬ፣ መንገዱ ራሱ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ያልሆነውን ካሳዩኝ በደስታ እሄድበታለሁ።»

ነጂውን የከተማው ሰው «ጥይቱ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት በቅሎዎቹ ሲራመዱ ያዩ ሰዎች ናቸው። በጥይቱ ሰረገላ ወደ ሠርግ የሄደ እንግዳ ሙሽሮቹ ልጅ ሲስሙ ይደርሳል ይባላል። ዛሬ ግን የተመረጠው ለዚሁ ዝግታው ነው። መስተዋት የጫነ ሰው የሚጣደፍ ነጂ አይፈልግም።

ልጇ ከነጂው ጎን ተቀምጣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኮሌጁ ጓሮ ባለች አንዲት ዎርክሾፕ ውስጥ ፀሐይን ውሃ ልታስቀዳት ስትታገል ኖራለች። በዚያ ዘመን ሞተር ማለት ከሰል ማለት ነበር። ባቡሩም፣ ወፍጮውም፣ የመርከቡ ጭስም ከሰል ነው። ስለ ፀሐይ ሞተር የሚያወራ ሰው ወይ ግጥም ይጽፋል፣ ወይ ትንሽ ነካ ያደርገዋል ተብሎ ይታለፋል።

«ቁርስ በልተሻል?» አለች እናት።

«እማዬ፣ ሦስተኛሽ ነው።»

«ሦስቴ የጠየቅኩት አንዴም ስላልመለስሽልኝ ነው።»

ልጅቱ ዞር አለች። ፊቷ ላይ ድካም አለ፤ ፍርሃት ግን የለም። «ስሚኝ አንድ ነገር። የውሃ ሥራ ሹሙ ሲመጡ እባክሽ ‹ልጄ› አትበይኝ። ‹አስፈላጊ ሠራተኞችን ብቻ ይዘሽ ነይ› ብለው ነው የጻፉልኝ። እናቷን አስከትላ መጣች እንዲሉኝ አልፈልግም።»

«እኔ የመስተዋት ወልዋይ አይደለሁም እንዴ?»

«ነሽ። ከአንቺ የተሻለም አላውቅም። ‹መሐንዲስ› በይኝ።»

እናትየው ትንሽ አሰበች። «መሐንዲስ ሆይ፣ ቁርስ በልተዋል?»

ጥይቱ ሳቁን በሳል ሊሸፍነው ሞከረ፤ በቅሎዎቹም ሳሉን ትእዛዝ መስሏቸው ቆሙ።

እናትየው ቀልዱን ትቀልደው እንጂ የዛሬው ቀን ምን እንደሚወስን ታውቃለች። ከወንዙ በላይ ያለው ደልዳላ እርሻ ውሃ አጥቶ ይደርቃል፤ ሹሙ ለዚያ እርሻ ዛሬ ሞተር ይመርጣሉ። የከሰሉ ሞተር ትናንት ተሞክሮ አልፏል። የልጇ የፀሐይ ሞተር ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከወንዙ ውሃ ስቦ ላይኛው ቦይ ካደረሰ ሥራው የእሷ ነው። ካላደረሰ የኮሌጁ አለቃ ዎርክሾፑን ቆልፈው ቁልፉን እንደሚረከቧት አስቀድመው ነግረዋታል። ከዚያ ወዲያ ልጇ የጀማሪ ተማሪዎችን ደብተር ታርማለች፤ ስለ ፀሐይም የሚያነሳ አይኖርም።

ወንዙ ዳር ደረሱ። በቀኝ በኩል፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የከሰሉ ሞተር ረጅም ጭስ ማውጫውን ቀጥ አድርጎ ቆሟል። ልጅቱና ጥይቱ የብረቱን ማቀፊያ አወረዱ። ማቀፊያው አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ትልቅ ሳህን ይመስላል። መስተዋቶቹ በውስጡ ዙሪያውን ይደረደሩና የፀሐይዋን ብርሃን ሁሉ መካከል ላይ በሚቆመው ጋን ላይ ይሰበስባሉ። በጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ፓምፑን ይገፋል። ነገሩ ይኸው ነው። ልጅቱ ለእናቷ ስታስረዳት «ያለ እንጨት የሚፈላ ጀበና» ብላት ነበር።

እናትየው መስተዋቶቹን አንድ በአንድ እየወለወለች አቀበለች። በኮሌጁ ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ሥራ ኖራለች። ሚዛኑን፣ አጉሊ መነጽሩን፣ የአለቃውን በር እጀታ ሳይቀር አንጸባርቃለች። «እትዬ ጨርቄ» የሚሏትም ለዚሁ ነው። ሰው ጨርቄን ማቄን ሲል እሷ ጨርቋን ይዛ ሥራዋን ትጨርሳለች።

መስተዋቱ ካለቀ በኋላ ልጅቱና ጥይቱ ቱቦውን ሊቀጥሉ ወደ ወንዙ ወረዱ። እናትየው ከጋኑ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ጋኑ አዲስ ነው። የድሮው ብረት ነበር፤ ባለፈው ወር ተሰነጠቀ። ይህን መዳብ ልጇ አስቀጥቅጣ አምጥታ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስትሠራበት ሰንብታለች፤ እናትየው ገልጣ አላየችውም። አሁን መጠቅለያውን ፈታችውና ክው አለች። ጋኑ ከአንገቱ እስከ ታቹ ጠቁሯል። ተጥዶ የተረሳ ድስት ነው የሚመስለው።

«ውይ ልጄ» አለች ለራሷ። «በብየዳ ሲያያይዙት እሳት ልሶት ነው። ድካሙ በዝቶባት ሳታጥበው አደረች።»

ሹም በሚመጣበት ቀን። የከሰሉን ሞተር ያቀረበው የከሰል ነጋዴም አብሯቸው እንደሚመጣ ተነግሯል፤ አይቶ ሊስቅ ነው። እናትየው ከቦርሳዋ ሎሚና በወረቀት የቋጠረችውን አመድ አወጣች። መዳብን የሚያውቅ ሰው ያለ ሎሚና አመድ ከቤቱ አይወጣም። እጅጌዋን ሰበሰበች። ጥላሸቱ እንደ ቆዳ ተጣብቋልና ታገላት፤ እሷም ታገለችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጋኑ ፊቷን መልሶ አሳያት። በወንዙ ውሃ አለቀለቀችው፣ አደረቀችው፣ መቆሚያው ላይ አስቀመጠችው፣ የብርጭቆ ክዳኑን ደፋችበት፣ ከላይም ጨርቅ ጣለችበት። ልጇ ሲገለጥ ታየዋለች ብላ በልቧ ደስ አላት። ልጅቱም ስትመለስ ጨርቁን ሳትገልጥ ቱቦውን ከመቆሚያው ጋር አያይዛ በእሱ በኩል ጋኑን ውሃ ሞላችው።

ሹሙ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ሸምገል ያሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ የኪስ ሰዓታቸውን ሰንሰለት ሁለቴ ሳይነኩ አንድ ዐረፍተ ነገር የማይጨርሱ ሰው ናቸው። የከሰል ነጋዴው ጃንጥላ ይዞላቸዋል።

«ክቡር ሹም፣ ከፀሐይዋ ይከለሉ» አለ ነጋዴው። «ዛሬ ሥራ ላይ ናት ብለውናል።»

ልጅቱ እጅ ነሳች። «እንኳን በደህና መጡ፣ ክቡር ሹም። ሲፈቅዱ እንጀምራለን።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ባቡሩ እሄዳለሁ» አሉ ሹሙ። «ከዘጠኝ በፊት አልሄድም፤ ከዘጠኝ በኋላም አልቆይም። ጀምሪ።»

ለሁሉም በጭስ የጠቆረ ብርጭቆ ታደለ፤ በባዶ ዓይን ማየት ያሳውራል። ልጅቱ ጨርቁን በገመድ ስባ አነሳችው። ብርሃኑ ፈነዳ፤ ጋኑ ራሱ በብርሃኑ ውስጥ ጠፋ። ነጋዴው ሳይወድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በቅሎዎቹ እንኳ ፊታቸውን አዞሩ።

«እንዲህ አብርቶ አያውቅም» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መስተዋቶቹ ዛሬ ሌላ ናቸው።»

እናትየው ጨርቋን አጣጠፈች። ደስታዋ ከጆሮዋ ሊወጣ ደርሷል።

ልጅቱ የግፊት መለኪያውን እያየች በየአምስት ደቂቃው ትጽፋለች። በዎርክሾፑ ሙከራ ቀስቱ በሃያ አምስት ደቂቃ ይነሳ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ቀስቱ ከዜሮ አልተላቀቀም። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ተኛ። ልጅቱ መስተዋቶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ሳህኑን ወደ ፀሐይዋ በጣት ስፋት አዞረች፤ መለሰች። ቱቦውን ዳሰሰች፤ የሚያፈስ የለም። ላቧን በክንዷ ጠርጋ ጻፈች።

«ፀሐይ መልካም ሠራተኛ ናት» አለ ነጋዴው። «ደመወዝ አትጠይቅም። መቼ ሥራ እንደምትገባ ግን እሷ ናት የምታውቀው።»

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሹሙ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን ብርጭቆ ወደ ዓይናቸው ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ይህ ሁሉ ብርሃን አለ። ዓይኔ እያየው ነው። ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ጋኑ ይውጠዋል፣ ክቡር ሹም» አለች ልጅቱ። ከተጨነቀችበት ጊዜ ይልቅ ስታስረዳ ድምፅዋ ይጠነክራል። «ጥቁር ነገር ብርሃንን ውጦ ሙቀት ያደርገዋል። የሚያብለጨልጭ ነገር ግን የተቀበለውን መልሶ ይሰጣል። መስተዋቱን ያበራነው፣ ጋኑን ደግሞ በፋኖስ ጭስ ለሦስት ቀን ያጠቆርነው ለዚህ ነው። ጥላሸቱ ነው ሞተራችን።»

እናትየው እጇን አየች። በጥፍሮቿ ሥር የቀረ ጥቁር ነገር አለ፤ ጣቶቿም ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ። ያ ሁሉ ብርሃን ለዓይን የበዛው ጋኑ ስላልዋጠው ነው። እንዳለ መልሶ እየተፋው ነው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ማታ ጋኑ ሲገለጥ ልጇ ታያለች እንጂ ሹሙ አያዩም። ብትናገር ደግሞ፣ በዚህ ነጋዴ ፊት፣ የመሐንዲሷን ጋን እናቷ አጠበችው ይባላል። ወሬው ከባቡሩ ቀድሞ ከተማ ይገባል። እናትየው ይህን አሰበችና ሰማዩን ቀና ብላ አየች። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል። ሰው የሚያፍረው ሁለት ሰዓት ተኩል እያለው ዝም ካለ ነው።

«መሐንዲስ» አለች። ወደ ልጇ ቀረበች። «ልጄ። ጋኑን አጥቤዋለሁ።»

ልጅቱ ወዲያው አልገባትም። «የቱን ጋን?»

«ይህንኑ። የቆሸሸ መስሎኝ።»

ነጋዴው ጃንጥላውን ተደግፎ ሳቀ። «ክቡር ሹም፣ ሰምተዋል? ሦስት ዓመት የደከሙበትን ምርምር እናት በአንድ ጠዋት አጠበችው።»

ልጅቱ ጥቁሩን ብርጭቆ ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ሳህኑ ጎነበሰች። ረጅም ጊዜ አየች። እናትየው ጀርባዋን ብቻ ነው የምታየው። ልጅቱ ሕፃን ሳለች ልታለቅስ ስትል መጀመሪያ ትከሻዋ ነበር የሚንቀሳቀሰው። አሁን ትከሻዋ ጸጥ አለ።

«በምን አጠብሽው?»

«በሎሚና በአመድ።»

«ሁሉንም?»

«ታቹንም። እኔ ግማሽ አልሠራም፤ ታውቂኛለሽ።»

«አውቅሻለሁ» አለች ልጅቱ፤ በቃላቱ ውስጥ ቁጣም ሳቅም ያልሆነ ነገር ነበር። «ፋኖሱ ዎርክሾፕ ነው ያለው። ጥላሸት ከየት ይመጣል?»

እናትየው ዞራ የቆርቆሮውን ጥላ አየች። ከዚያም ወደ ነጋዴው ሄደች።

«ጌታዬ፣ ያ ሞተርዎ ትናንት ነው የነደደው?»

«ትናንት። ለስድስት ሰዓት ያህል፣ አንዴም ሳይቆም።»

«እንግዲያው ጭስ ማውጫው ተጠርጎ አይሆንም። ይፍቀዱልኝና ልጥረግልዎ።»

ነጋዴው ሹሙን አየ፤ ሹሙም እሱን ያያሉ። እምቢ ማለት አሳፋሪ ነው፤ ደግሞም የምን ጉዳት አለው? «ውሰጂ፣ እናቴ» አለ እየሳቀ። «ከሰል እንሸጣለን እንጂ ጥላሸት በነፃ ነው።»

እናትየው የጭስ ማውጫውን የታች በር ከፍታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ስታወጣው ግማሽ ፊቷ አልታወቀም። በቆርቆሮ ጣሳ ያመጣችውን ጥላሸት በፓምፑ ዘይት ጠብታ በጠብታ እያሸች ላቆጠችው። በዚያ መሃል ልጅቱ ሳህኑን ከፀሐይዋ አዙራ፣ ክዳኑን አንስታ፣ ጋኑን አቀዘቀዘችው።

ሃያ ሁለት ዓመት ማጥራት ብቻ የለመደ እጅ ማጥቆርን ከየት ያውቃል? ሆኖም ሥራው ያው ሆኖ አገኘችው። ጨርቁን እንጨት ላይ ጠቅልላ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እየዞረች፣ ምንም ቦታ ሳታልፍ ቀባች። ከበዛ ይላጣል፤ ካነሰ መዳቡ ያፈጥጣል። ልጅቱ «እዚህ ጋ ሳስቷል» ስትላት «አይቻለሁ፣ አትቸኩዪ» ትላለች። ሁለቱም ሹሙን ረስተዋቸዋል።

ሹሙ ሰዓታቸውን አወጡ። «ሰባት ሰዓት ከአርባ» አሉ።

«ክቡር ሹም፣ ጊዜዎን ከሚያባክኑ ከተማ ብንመለስ» አለ ነጋዴው።

«ዘጠኝ ብያለሁ። ዘጠኝ አልሆነም።»

ሳህኑ ወደ ፀሐይ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ አልፈነዳም። ጥቁሩ ጋን በመካከሉ ዝም ብሎ ቆመ፤ እናትየው አሁንም ያበላሸች መሰላት። ከዚያም ከጋኑ ሰማያዊ ጭስ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«ፀሐይም ትጨሳለች እንዴ?» አለ ነጋዴው።

«ዘይቱ ነው፤ እየተጋገረ ነው» አለች ልጅቱ መለኪያውን ሳትለቅ።

አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። ቀስቱ ከዜሮ ተነሳ። እንደ ጠዋቱ አልተንቀጠቀጠም፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሥራ እንዳለው ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል። ልጅቱ ቁልፉን ከፈተች። ፓምፑ አንዴ ተነፈሰ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተነፈሰ፣ ከዚያ ቱክ ቱክ ማለቱን ያዘ።

ጥይቱ ላይኛው ቦይ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሰው እንደሚያውቀው ጥይቱ አይቸኩልም። አሁን ግን ኮፍያውን ይዞ ቁልቁል ሮጠ። «መጣ! ውሃው መጣ!»

ሹሙ ተነሱ። ዳገቱን ያለ ማንም ድጋፍ ወጡ። ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ፤ ለብ ያለ እንዳልሆነ፣ የወንዝ ውሃ እንደሆነ አረጋገጡ። ሰዓታቸውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ሲመለሱ «መዝገቡን» አሉ።

ልጅቱ ሰጠቻቸው። እናትየው ከጎን ሆና አየች። ልጇ የጠዋቱን ቁጥሮች አልሰረዘቻቸውም። በቀኝ በኩል «የታጠበ»፣ በግራ በኩል «የጠቆረ» ብላ በሁለት ረድፍ አስፍራቸዋለች። አንዱ ረድፍ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል፤ ሌላው እየጨመረ ይወጣል።

«ክቡር ሹም፣ ይህ ማታለያ ነው» አለ ነጋዴው። «ከእኔ ጭስ ማውጫ በወጣ ጥላሸት ነው የሠራችው። እንግዲህ የከሰል ሥራ ነው ማለት ነው።»

«ወንድሜ» አሉ ሹሙ መዝገቡን ሳይዘጉ። «ጠዋት ውሃ ብትስብልኝ ኖሮ አንድ ብልሃት አለባት ብዬ እጠረጥር ነበር። አሁን ግን ሳትስብ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አይቻለሁ። ያው ሳህን፣ ያው ውሃ፣ ያው ቀን። የተለወጠው ጥላሸቱ ብቻ ነው። ለምን እንደምትሠራና ለምን እንደማትሠራ የማውቀው ሞተር ይሻለኛል።» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ለላይኛው እርሻ ሦስት ሳህን ትሠሪያለሽ። ለኮሌጁ አለቃ ዛሬውኑ በቴሌግራም አሳውቃለሁ። ዎርክሾፑ አይዘጋም።»

«አመሰግናለሁ፣ ክቡር ሹም።»

ሹሙ እናትየውን አዩ። ግማሽ ፊቷ ጥቁር፣ ግማሽ ፊቷ ቀይ ነው። «እርስዎስ ማን ይባላሉ?»

እናትየው ወደ ልጇ ተመለከተች፤ መሐንዲሷ እስክትመልስ ጠበቀች።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቱ። «የመስተዋቶቹ ኃላፊም እሷ ናት።»

ሹሙ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ወደ ሰረገላቸው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር። ነጋዴው ጃንጥላውን ዘግቶ ተከተላቸው።

እናትየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ይቅር በይኝ» አለች። «ሳልጠይቅ ነካሁብሽ።»

ልጅቱ አጠገቧ ተቀምጣ መዝገቡን ከፈተች። አልሰማቻትም ለማለት ይቻላል። እርሳሷን ከጥርሷ ላይ አወረደች። «እማዬ፣ አንድ ነገር አለ የሚከነክነኝ። የታጠበው ጠዋት ነው የተሞከረው፣ የጠቆረው ደግሞ ከሰዓት። ፀሐይዋ ከሰዓት ስለጠነከረች ነው የሚል ሰው ይመጣል። እኔ ራሴ ብሆን እላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ በተቃራኒው መሞከር አለብን። ነገ ጠዋት የጠቆረውን፣ ከሰዓት የታጠበውን። ከነገ ወዲያ ደግሞ ጠዋት የታጠበውን። አምስት ቀን። እንዲህ አድርጎ ጎን ለጎን የለካ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።»

እናትየው እስከ ትከሻዋ የጠቆረውን ክንዷን አየች፤ ከዚያም በስንት መከራ የቀባችውን ጋን። «ይህንን ሁሉ ነገ ልታሳጥቢኝ ነው?»

«በትክክል ሰባት ሰዓት ላይ። ሰዓቱን እጽፈዋለሁ። በሎሚና በአመድ፣ ታቹንም። ልክ እንደ ዛሬው።»

«አሁን ተፈቅዶልኝ?»

«ተፈቅዶልሽ አይደለም። ሥራሽ ነው።»

እናትየው የጠቆረ እጇን ቀሚሷን እንዳይነካ ወደ ፊት ዘርግታ፣ እንዳይጠፋባት ለራሷ ደጋገመችው፤ ሰባት ሰዓት፣ በሎሚና በአመድ፣ ታቹንም።